ባለሁለት ቧንቧ የእንፋሎት ማሞቂያ

ባለሁለት ቧንቧ የእንፋሎት ማሞቂያ በቦይለር ውስጥ ውሃ በማፍላት የሚሠራ የቤት ማሞቂያ ዓይነት ነው። እንፋሎቱ በአንድ ቧንቧ ወደ ክፍሎቹ ራዲያተሮች ይሄዳል፤ ሙቀቱን ሰጥቶ ወደ ውሃነት የተመለሰው ደግሞ በሌላ ቧንቧ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ድረስ በተለይ በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ከተሞች በተሠሩ ቤቶችና አፓርታማዎች ውስጥ በብዛት ተተክሏል። ዛሬም በኒው ዮርክ፣ በቦስተን፣ በፊላደልፊያ፣ በቺካጎና በዋሽንግተን በርካታ አሮጌ ሕንጻዎች በዚህ ይሞቃሉ። በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤቶች ውስጥ የተለመደ አይደለም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች ግን አሮጌ ቤት የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ሊገጥመው ይችላል።

ሥርዓቱ በደንብ ከተያዘ ድምፅ የሌለውና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚታይበት ቦታና የተበላሸው ዕቃ ያለበት ቦታ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ራዲያተር የማይሞቀው አንደኛ ፎቅ ላይ ባለ ሌላ ራዲያተር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ባለቤት ደህናውን ዕቃ እያስቀየረ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ አንዳንዱም ጤነኛ ቦይለር አውጥቶ ይጥላል።

አሠራር

የሥርዓቱ ጉልበት ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በሚሸከመው ሙቀት ላይ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃን ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 419 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። 100 ዲግሪ የደረሰውን ያንኑ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ተጨማሪ 2,257 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ይህን ሁሉ ሙቀት አስረክቦ እንደገና ውሃ ይሆናል። በአክምባሎ ሥር የሚንጠለጠለው ጠብታ የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። አረቄ ሲወጣም ከጋኑ የተነሣው እንፋሎት በመቃ አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ልዩነቱ አረቄ አውጪው የሚፈልገው ጠብታውን ሲሆን ማሞቂያው የሚፈልገው ጠብታው ሲፈጠር የሚለቀቀውን ሙቀት መሆኑ ነው።

ውሃ እንፋሎት ሲሆን የሚይዘው ቦታ ወደ 1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ወደ ውሃ ሲመለስ ደግሞ በዚያው ልክ ይኮማተርና ከኋላው ያለውን እንፋሎት ይስባል። ስለዚህ እንፋሎቱ ያለ ፓምፕ በራሱ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ ውሃውም በቧንቧው ተዳፋት ቁልቁል ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሦስተኛው ተጓዥ አየር ነው። ቦይለሩ ሲቆምና ሥርዓቱ ሲቀዘቅዝ ቧንቧዎቹና ራዲያተሮቹ በአየር ይሞላሉ። ቦይለሩ እንደገና ሲነሣ እንፋሎቱ ይህን አየር ከፊቱ እየገፋ መሄድ አለበት፤ አየሩ መውጫ ካጣ እንፋሎቱ ባለበት ይቆማል። በባለአንድ ቧንቧ ሥርዓት እያንዳንዱ ራዲያተር የራሱ ትንሽ አየር ማስወጫ አለው። በባለሁለት ቧንቧው ግን አየሩ ከውሃው ጋር በራዲያተሩ መውጫ በኩል ወደ መመለሻው ቧንቧ ይገባና፣ ምድር ቤት ውስጥ ከቦይለሩ አጠገብ በተተከለ አንድ ትልቅ አየር ማስወጫ በኩል ይወጣል።

ውሃና አየር እንዲያልፉ፣ እንፋሎት ግን እንዳያልፍ የሚያደርገው ስቲም ትራፕ የሚባለው ዕቃ ነው። በራዲያተሩ መውጫ ላይ፣ ከወለሉ አጠገብ የሚታይ ጡጫ የሚያህል የናስ ዕቃ ሲሆን፣ ከላይ የሚፈታ ክዳን አለው። በውስጡ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ የያዘች ትንሽ የብረት ወናፍ ትገኛለች። ወናፏ ስትቀዘቅዝ ተኮማትራ መንገዱን ትከፍታለች፤ እንፋሎት ሲደርስባት ፈሳሹ ተንኖ ይነፋትና መንገዱን ትዘጋለች። ኤሌክትሪክም ሆነ የሚያዝዛት ሰው አያስፈልጋትም።

ታሪክ

እስቲፈን ጎልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1854 በዝቅተኛ ግፊት ለሚሠራ የቤት እንፋሎት ማሞቂያ የፈጠራ መብት አወጣ። በ1877 ቢርድሲል ሆሊ በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው የሎክፖርት ከተማ ከአንድ ማዕከል ለብዙ ቤቶች እንፋሎት የሚያድል መረብ ዘረጋ፤ በ1882 ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ ተመሳሳይ አገልግሎት ተጀመረ። የኒው ዮርኩ መረብ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ባለሁለት ቧንቧ ሥርዓቶች ትራፕ አልነበራቸውም። በራዲያተሩ መግቢያም መውጫም በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ነበር፤ ራዲያተሩን ማጥፋት የፈለገ ሰው ሁለቱንም መዝጋት ነበረበት፤ አንዱን ብቻ ከዘጋ እንፋሎቱ በሌላኛው በኩል ይገባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሙቀት የሚሠራው ትራፕ ሲስፋፋ ይህ ችግር ቀረ። ዌብስተር፣ ደንሃም፣ ሆፍማንና ትሬንን የመሳሰሉ አምራቾች የየራሳቸውን ዕቃ ያወጡ ስለነበር አሮጌ ራዲያተሮች ላይ እነዚህ ስሞች ተቀርጸው ይታያሉ። ስሙን ማንበብ ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ የውስጡን መለዋወጫ ለማግኘት የሚረዳው እሱ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአዳዲስ ቤቶች ሙቅ ውሃና ሙቅ አየር እንፋሎትን ተኩት። ሥራውን የሚያውቁት ባለሙያዎች እያረጁ ሲሄዱ ዕውቀቱም አብሮ ሳሳ። በ1992 ዳን ሆሎሃን ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ የጠፋ ጥበብ የሚል ሐሳብ ያዘለ ነው፤ የቀድሞዎቹን መሐንዲሶች ጽሑፎች አሰባስቦ ለዛሬ ቧንቧ ሠራተኞችና ለቤት ባለቤቶች በማቅረቡ በዘርፉ በሰፊው ይታወቃል።

ዓይነቱን መለየት

ራዲያተር ያለው ቤት ሁሉ በእንፋሎት አይሞቅም። የሙቅ ውሃ ሥርዓትም ሁለት ቧንቧ አለው፤ ከሩቅ ሲታይ አንድ ይመስላል። እርግጠኛው ምልክት ያለው ቦይለሩ ላይ ነው። የእንፋሎት ቦይለር በጎኑ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ቀጥ ያለ የመስታወት ቱቦ አለው፤ ውሃውም በዚያ መስታወት መካከል አካባቢ ይቆማል። የሙቅ ውሃ ቦይለር ይህ የለውም፤ በምትኩ የሚያዘዋውር ፓምፕና የውሃ መስፋፊያ ጋን ይኖረዋል። በራዲያተሩ ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ቧንቧ ብቻ ገብቶ በተቃራኒው ጎን ትንሽ አየር ማስወጫ ካለ ባለአንድ ቧንቧ እንፋሎት ነው። በአንደኛው ጫፍ ቫልቭ፣ በሌላኛው ጫፍ ታች ትራፕ ካለ የዚህ ጽሑፍ ርዕስ የሆነው ነው።

ልዩነቱ በአጠቃቀምም ይታያል። በባለአንድ ቧንቧው የራዲያተሩ ቫልቭ ወይ ሙሉ በሙሉ መከፈት ወይ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት፤ በከፊል ከተከፈተ ውሃው መመለሻ አጥቶ ያንኳኳል። ትራፕ ባለው ባለሁለት ቧንቧ ግን ቫልቩን በከፊል ከፍቶ የክፍሉን ሙቀት መቀነስ ይቻላል።

ጥንቃቄ

የቤት እንፋሎት ቦይለር ግፊቱ ትንሽ ቢሆንም ሊንቁት የሚገባ ዕቃ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ስህተት ውሃው አልቆ በጋለ ቦይለር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ነው። የጋለው ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ውሃውም ወዲያው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሰው ሊጎዳ ይችላል። በመስታወቱ ውስጥ ውሃ ካልታየ እሳቱን አጥፍቶ ቦይለሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ብቻ ነው ያለው ምርጫ።

ይህ እንዳይደርስ ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋ መሣሪያ በቦይለሩ ላይ ይገጠማል። ተንሳፋፊ ያለው ዓይነት ከሥሩ ዝቃጭ ስለሚጠራቀምበት በማሞቂያው ወቅት በየሳምንቱ በባልዲ ጥቂት ውሃ እየለቀቁ ማጠብ ያስፈልጋል። ቦይለሩ እየነደደ ሲለቀቅ እሳቱ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ መሣሪያው አይሠራም ማለት ነውና ተጠግኖ እስኪያበቃ ቦይለሩን ማንደድ አይገባም። የሚለቀቀው ውሃ የሚያቃጥል መሆኑም አይዘነጋ።

በጋዝ ወይም በዘይት የሚነድ ቦይለር ባለበት ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ያስፈልጋል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውምና። የጋዝ ሽታ ከመጣ ከቤት ወጥቶ ከውጭ ሆኖ ለጋዝ አቅራቢው ወይም ለእሳት አደጋ መደወል ነው። ሌላው የአሮጌ ቤት ስጋት ቧንቧዎቹን የሸፈነው ነጭ ወይም ግራጫ ልባስ ነው። በዚያ ዘመን የተሠራው ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ አለበት። ሳይነካና ሳይቀደድ ከቆየ አቧራው አይነሣም፤ መቁረጥ፣ መጥረግ ወይም መፋቅ ግን ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተዋል።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ተከራይ ትራፕ መክፈት የለበትም። ለምሳሌ በኒው ዮርክ ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር ከኦክቶበር 1 ጀምሮ እስከ ሜይ 31 ድረስ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት የውጭው ሙቀት ከ55 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ፣ አከራዩ ክፍሉን ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ሌሊት ደግሞ የውጭው ሙቀት ምንም ይሁን ምን 62 ዲግሪ ነው። ተከራዩ ሊሠራ የሚችለው ጠቃሚ ነገር የክፍሉን ሙቀት ከነሰዓቱ መመዝገብና የትኛው ራዲያተር መቼ እንደሚሞቅ መጻፍ ነው። ይህ መዝገብ ለአቤቱታም ለጥገናም ያገለግላል።

የትራፕ ብልሽት

ትራፕ በሁለት መንገድ ይበላሻል፤ ሁለቱ እኩል አይደሉም።

ተዘግቶ የቀረ ትራፕ ጉዳቱ በራሱ ላይ ነው። አየሩ ከራዲያተሩ መውጣት ስለማይችል እንፋሎት አይገባም፤ ወይም በመግቢያው በኩል አንድ ሁለት ክፍል ብቻ ሞቆ ይቀራል። ቫልቩ ክፍት ሆኖ፣ አቅራቢው ቧንቧ እስከ ቫልቩ ድረስ ሞቆ፣ ራዲያተሩ ግን ከቀዘቀዘ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ሆኖም እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ምክንያቱ ቀጥሎ ይታያል።

ተከፍቶ የቀረ ትራፕ መጥፎው ነው። ያለበት ራዲያተር በደንብ ስለሚሞቅ ማንም አይጠረጥረውም። እንፋሎቱ ግን በራዲያተሩ አልፎ በቀጥታ ወደ መመለሻው ቧንቧ ይገባል። መመለሻው አየርና ውሃ ብቻ ሊያልፍበት የተሠራ ነው። እንፋሎቱ በዚያ ቧንቧ ተጉዞ የሌሎችን ራዲያተሮች ትራፕ ከኋላ በኩል ይደርስባቸዋል። እነዚህ ትራፖች ጤነኞች ናቸው፤ ሙቀት ስለተሰማቸው ይዘጋሉ፤ ወናፏ ሙቀቱ በየትኛው በኩል እንደመጣ አታውቅም። እነሱ ሲዘጉ በራዲያተራቸው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ የሚያየው የቀዘቀዘውን ራዲያተር ነው፤ የሚቀይረውም የእሱን ትራፕ ነው፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ይዘጋል። ጥፋተኛው ምናልባት ሳሎን ውስጥ ጥሩ አድርጎ እየሞቀ ሰው ሁሉ የሚወደው ራዲያተር ነው።

ስለዚህ ፍለጋው ከቀዘቀዘው ሳይሆን ከሚሞቁት መጀመር ይሻላል። ቦይለሩ ቀዝቅዞ ከቆየ በኋላ ሲነሣ ምድር ቤት ወርዶ የመመለሻ ቧንቧዎቹን መከታተል አንዱ ዘዴ ነው። መመለሻው ቀስ በቀስ ለብ እያለ መሞቅ አለበት። አንዱ ቅርንጫፍ በድንገት እንደ አቅራቢው ቧንቧ የሚያቃጥል ከሆነ እንፋሎት እየገባበት ነው፤ ያንን ቅርንጫፍ ወደ ላይ ተከትሎ ራዲያተሩን ማግኘት ይቻላል። እዚህ ላይ በእጅ መዳሰስ ቆዳን ያቃጥላል፤ የሚለካው በቴርሞሜትር ነው።

በኮቪድ ወቅት ግንባር ላይ ይደገን የነበረው ዓይነት በኢንፍራሬድ ጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ለዚህ ሥራ ይጠቅማል፤ ግን ለሰውነት የተሠራው ከፍተኛ ሙቀት ስለማይለካ ለመሣሪያ የተሠራውን መያዝ ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቅ ናስና ክሮም የተነከረ ብረት የተሳሳተ፣ ብዙ ጊዜም ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ይሰጣሉ። በቦታው ላይ ጥቁር ቴፕ ለጥፎ ወይም ቀለም ቀብቶ እዚያ ላይ መለካት ይህን ያስተካክላል። ራዲያተሩ በሙሉ ሞቆ፣ ከትራፑ በኋላ ያለው ቧንቧም 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ ትራፑ እንፋሎት እያሳለፈ ነው። ጥቂት ዲግሪዎች ዝቅ ማለታቸው ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ጤነኛ ትራፕም ረጅም ሰዓት ከተሠራ በኋላ የሚያሳልፈው ውሃ በጣም ሙቅ ነው። ስለዚህ አንዱን ራዲያተር ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ከአንድ ነጠላ ቁጥር የተሻለ ፍርድ ይሰጣል።

ሌላው ቀላልና ርካሽ ፈተና የተጠረጠረውን ራዲያተር የአቅራቢ ቫልቭ ዘግቶ አንድ ሁለት ቀን ማየት ነው። ቀዝቅዘው የነበሩት ሌሎች ራዲያተሮች መሞቅ ከጀመሩ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ ውጤቱን መጻፍ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ፤ የፕሮግራም ስህተት ከሚፈለግበት መንገድ ብዙም አይለይም።

ትራፕ ሲጠገን አካሉን ከቧንቧው ማላቀቅ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ለብዙዎቹ አሮጌ ሞዴሎች ክዳኑን ከፍቶ ወናፏንና መቀመጫዋን ብቻ የሚተካ መለዋወጫ ዛሬም ይሸጣል። ክዳኑ ለአሥርት ዓመታት ስላልተፈታ በኃይል ሲጎተት ራዲያተሩንና ቧንቧውን ሊያጣምም ይችላል፤ ስለዚህ አንዱ መፍቻ አካሉን ደግፎ ይዞ ሌላው ክዳኑን ይፈታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ቦይለሩ ጠፍቶ ሥርዓቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ብዙ ትራፖች በአንድ ዘመን የተተከሉ ከሆኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ተገቢ ነው፤ አንድ አንዱን ማሳደድ ክረምቱን ይጨርሳል።

አንድ የተስፋፋ የተሳሳተ ጥገና አለ፤ እሱም የቀዘቀዘውን ራዲያተር በስቶ እንደ ባለአንድ ቧንቧው አየር ማስወጫ መግጠም። ራዲያተሩ ይሞቃል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። በመመለሻው ውስጥ ያለው እንፋሎት ግን እዚያው ነው፤ ሕመሙን ሳይሆን ምልክቱን ነው የሸፈነው። በባለትራፕ ራዲያተር ላይ እንዲህ ያለ ማስወጫ መታየቱ ራሱ በዚያ ቤት የተበላሸ ትራፕ እንደነበረ ወይም እንዳለ ጥሩ ፍንጭ ነው።

አየር ማስወጫ

ሁሉም ራዲያተሮች ዘግይተው ከሞቁ ጥርጣሬው ከትራፖቹ ወደ ዋናው አየር ማስወጫ ይዞራል። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ መመለሻው ቧንቧ ወደ ቦይለሩ ቁልቁል ከመታጠፉ በፊት ነው። በዝገት ወይም በቀለም የተደፈነ ማስወጫ የቤቱን ሙሉ አየር ያፍናል። አንዳንዴም የቀድሞ ቧንቧ ሠራተኛ ጥቅሙ ስላልገባው አውጥቶ በቡሽ ደፍኖት ይገኛል። ማስወጫው ቦይለሩ ሲነሣ የሚሰማ የአየር ንፋስ ከሌለው ቀዝቅዞ ሳለ ፈትቶ በአፍ መንፋት ይበቃል፤ አየር ካላሳለፈ ይቀየራል። የሚተካው ዕቃ የቤቱን አየር ሁሉ ማስወጣት ስለሚችል መጠኑ ትልቅ መሆን አለበት፤ ለአንድ ራዲያተር የተሠራችዋ ትንሿ ማስወጫ እዚህ ቦታ ላይ ምንም አትሠራም።

ግፊት

ክፍሉ አልሞቅ ሲል የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ግፊቱን መጨመር ነው። በእንፋሎት ይህ አይሠራም። በመደበኛ የአየር ግፊት የእንፋሎት ሙቀት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ግፊቱ በካሬ ኢንች 2 ፓውንድ ሲጨመር 104 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ይህች ትንሽ ልዩነት ነዳጅ ታባክናለች እንጂ ክፍል አታሞቅም።

ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። በካሬ ኢንች አንድ ፓውንድ ግፊት ውሃን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ያነሣል። በቦይለሩ ውስጥ ያለው ግፊት በመመለሻው ቧንቧ ያለውን ውሃ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ወደ ቦይለሩ ሊመለስ የሚችለው ውሃው በመመለሻው ውስጥ በቁመቱ ይህን ግፊት ሲያሸንፍ ብቻ ነው። በ2 ፓውንድ ግፊት ከቦይለሩ የውሃ ከፍታ በላይ 140 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆማል ማለት ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለ ምድር ቤት ይህ ቁመት ስለማይገኝ ውሃው መመለሻውን ሞልቶ አየር ማስወጫው ድረስ ይደርሳል፤ ከማስወጫውም ይረጫል። ቦይለሩ ውስጥ ደግሞ ውሃ ያንሳል። አውቶማቲክ ውሃ መጨመሪያ ካለ አዲስ ውሃ ያስገባል፤ እሳቱ ሲጠፋ የቀረው ውሃ ሁሉ ተመልሶ ይመጣና ቦይለሩ ከልክ በላይ ይሞላል። ባለቤቱም አንዴ ውሃ አነሰ፣ አንዴ በዛ እያለ ግራ ይጋባል።

በቤት ውስጥ ግፊቱ ከ2 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ብዙ ባለሁለት ቧንቧ ሥርዓቶች ከ1 ፓውንድ በታችም በደንብ ይሠራሉ። ለእነዚህ ግፊቱን በአውንስ የሚቆጣጠር መሣሪያ አለ፤ 16 አውንስ 1 ፓውንድ ነው። ግፊት መቆጣጠሪያው ከቦይለሩ ጋር የሚገናኘው በአሳማ ጅራት አምሳል በተጠማዘዘች ቀጭን ቧንቧ ነው። ይህች ቧንቧ በዝቃጭ ከተደፈነች መቆጣጠሪያው የቱንም ያህል ዝቅ ቢደረግ ግፊቱ ስለማይደርሰው እሳቱን አያጠፋም። በዓመት አንዴ ፈትቶ ማጽዳት ትንሽ ሥራ ነው። ከቦይለሩ ጋር የሚመጣው ከ0 እስከ 30 ፓውንድ የሚያሳይ ሰዓት በደኅንነት ደንብ የሚፈለግ ስለሆነ አይነሣም፤ ነገር ግን ግማሽ ፓውንድ ልዩነትን ማሳየት ስለማይችል እስከ 3 ወይም 5 ፓውንድ ብቻ የሚለካ ሁለተኛ ሰዓት ከጎኑ መጨመር ይጠቅማል።

የማንኳኳት ድምፅ

ሌሊት ቧንቧ በመዶሻ እንደተመታ የሚያሰማው ድምፅ የእንፋሎት ማሞቂያ ተፈጥሮ ነው ብሎ የተቀበለ ሰው ብዙ ነው፤ ስህተት ነው። ድምፁ የሚመጣው በቧንቧ ውስጥ የተኛ ውሃ ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ ነው። እንፋሎቱ በፍጥነት ሲያልፍ ውሃውን አንሥቶ እንደ ጥይት ይወረውረዋል፤ ወይም በቀዝቃዛው ውሃ ላይ በድንገት ይረግብና የተፈጠረውን ባዶ ቦታ ውሃው በኃይል ይሞላዋል። ማንኳኳቱ መገጣጠሚያ ያላላል፤ የትራፕ ወናፍም ይሰብራል።

ስለዚህ ጥያቄው ውሃው ለምን እዚያ ተኛ የሚል ይሆናል። የቧንቧው ማንጠልጠያ ረግቦ መሃሉ ላይ ጎድጉዶ ሊሆን ይችላል፤ በውሃ ልክ ሲለካ ይታያል። ራዲያተሩ ወደ ትራፑ ሳይሆን ወደ ሌላኛው ጫፍ አዘንብሎ ሊሆን ይችላል፤ ከእግሩ ሥር ትንሽ እንጨት ማስገባት ይበቃዋል። ቧንቧው የለበሰው ሙቀት መከላከያ ተነሥቶ ራቁቱን ከቀረ እንፋሎቱ ራዲያተር ሳይደርስ በመንገድ ላይ ውሃ ይሆናል። አስቤስቶሱ ተነሥቶ ምትክ ሳይለብስ የቀረ ቤት ይህ በተለይ ይገጥመዋል፤ በፋይበርግላስ ልባስ መሸፈኑ ድምፁንም የነዳጁንም ወጪ ይቀንሳል። ማንኳኳቱ በመመለሻው በኩል ከሆነ ነገሩ ወደ ተከፈተው ትራፕ ይመልሳል።

ውሃ

በመስታወቱ ውስጥ የውሃው ከፍታ ቦይለሩ ሲሠራ ትንሽ መነቃነቁ ያለ ነው። በኃይል የሚዘል፣ ወይም መስታወቱ ከውሃው በላይ ጠብታ የሞላው ከሆነ ውሃው ዘይት ወይም ቆሻሻ አለበት። ቧንቧ ሲቆረጥ የሚቀባው ዘይት በአዲስ ቦይለር ውስጥ መቅረቱ የተለመደ ነው። ዘይት ያለበት ውሃ ይኩረፈረፍና ከእንፋሎቱ ጋር ጠብታ ይልካል፤ እርጥብ እንፋሎት ደግሞ ደካማ ነው። ለማረጋገጥ ከቦይለሩ ጥቂት ውሃ ቀድቶ ለምግብ በማያገለግል ድስት ማፍላት ይቻላል፤ አረፋ ከደፈቀ ቆሻሻ ነው። መፍትሔው ከውሃው ወለል ልክ ባለ ቀዳዳ ሙቅ፣ ግን ያልፈላ ውሃ በጣም ቀስ አድርጎ ለሰዓታት ማስፈሰስ ነው፤ ዘይቱ ስለሚንሳፈፍ ከታች ውሃ መልቀቅ አያወጣውም።

ሥርዓቱ ዝግ ዑደት ስለሆነ ውሃ መጨመር የሚያስፈልገው ጥቂት ብቻ ነው። በየጥቂት ቀኑ መጨመር ካስፈለገ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። አዲስ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ብረቱን ይበላል፤ ማፍሰሱ ማፍሰስን ይወልዳል። ከወለል ሥር የተቀበረ መመለሻ ቧንቧ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው፤ እዚያ ደህና ከሆነ ቦይለሩ ራሱ ይመረመራል። በብርድ ቀን ከጭስ ማውጫው ወፍራም ነጭ እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ ከውሃው ከፍታ በላይ ብረቱ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከመስታወቱ በላይ ውሃ ሞልቶ ከሥሩ መንጠባጠቡን ማየት ያረጋግጣል።

ቦይለር መቀየር

የተበሳ ቦይለር ከመቀየር ሌላ አማራጭ የለውም። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ግን ለሃያና ሠላሳ ዓመት አብሮ ይኖራል። የሙቅ ውሃ ቦይለር መጠን የሚመረጠው ቤቱ በሚያጣው ሙቀት ነው፤ የእንፋሎት ቦይለር ግን በራዲያተሮቹ ልክ ይመረጣል፤ የብረቱን ሁሉ ገጽ የሚሞላ እንፋሎት ማመንጨት አለበትና። ለዚህ የራዲያተሮቹ ገጽ ስፋት አንድ በአንድ ተለክቶ ይደመራል፤ አንድ ካሬ ጫማ በሰዓት 240 ቢቲዩ እንደሚሰጥ ይታሰባል። የአሮጌውን ቦይለር ጽሑፍ አንብቦ ያንኑ የሚያክል የሚያዝ ሠራተኛ ቤቱን አልለካም፤ አሮጌው ራሱ ከልክ በላይ ትልቅ የነበረ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ቦይለር ግፊቱ ቶሎ ስለሚደርስ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ይጠፋል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ከቦይለሩ በላይ ያሉት ቧንቧዎች አቀማመጥም የማሽኑ አካል ነው። አምራቹ በሚሰጠው ሥዕል ላይ የቧንቧው ውፍረት፣ ከውሃው ከፍታ በላይ ያለው ቁመትና ውሃና እንፋሎት የሚለያዩበት ቦታ ተጽፏል። ከእነዚህ አንዱ መመለሻው ሲፈስ ቦይለሩ ውሃውን እንዳያጣ የሚያደርገው የሃርትፎርድ ቀለበት ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1919 ካስተዋወቀው የቦይለር መድን ድርጅት ነው። ዋጋ ለመጠየቅ የመጣ ሠራተኛ ራዲያተሮቹን ሳይቆጥር ከምድር ቤት ከወጣ ሌላ ሰው መጥራት ይሻላል።